ለቁም ሳጥን የወረደ ክፍል

ሥራ ላይ ተጎድታችሁ፣ ልትመለሱ ስትሉ «ሙሉ በሙሉ ድናችሁ ኑ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተብያለሁ። በቅደም ተከተል ላስረዳ።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር አጠገብ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ርዕሰ መምህሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ ዳስተርና የስም መጥሪያ ሰጡኝ። «የአራተኛ ለ ኃላፊ ነሽ። ክፍልሽ ሁለተኛ ፎቅ ነው» አሉኝ።

ማዕረጉም እንዲህ ነው። መምህር ለዩኒት ሊደር ያመለክታል፤ ዩኒት ሊደር ለምክትሉ፤ ምክትሉ ለርዕሰ መምህሩ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ መመሪያውን ያመለክታሉ። መመሪያው መልስ አይሰጥም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በወላጆች ቀን ዋዜማ፣ ባነር እንድሰቅል ታዘዝኩ። መሰላል ጠየቅኩ። «ዴስክ ላይ ወንበር ደርቢ፤ ወጣት አይደለሽ እንዴ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ደረብኩ። ወንበሩ ተንሸራተተ፤ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ።

ርዕሰ መምህሩ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ቤቴ መጡ። ጄሶዬን አዩና «ሐኪም ቤት ምን አስኬደሽ? ወጌሻ ጋ ብትሄጂ ኖሮ እስካሁን ስፖርት ታሠሪ ነበር» አሉኝ።

ጄሶው ሲወጣ ሐኪሙ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ፦ ማስተማር ትችላለች። ለሦስት ወር ደረጃ አትውጣ። የአራተኛ ለ ልጆች አንድ ጊዜ አንብበው ይረዱታል። ርዕሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይኼ ምን ማለት ነው? ሰው ወይ ይድናል ወይ አይድንም።»

«ድኛለሁ። ደረጃ ብቻ ነው የማልወጣው።»

«ክፍልሽ ያለው ደግሞ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ድነሽ ነይ።»

«የሐኪም ፈቃዴ እኮ ዓርብ ያልቃል።»

«ሰኞ ክፍል ካልገባሽ ቦታው ክፍት ነው ብዬ ለወረዳ እጽፋለሁ። ምን ላድርግ? መመሪያ ነው።»

ምድር ቤት ሦስተኛ ሀን የሚያስተምረው መምህር ስዩም «ክፍል እንቀያየር፤ እኔ እወጣለሁ» አለ። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ድልድል፣ ማለትም የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ የሚለውን ዝርዝር አሳዩት። «ተለጥፏል። የተለጠፈ አይነካም።»

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ተነክቶ ነበር። ለመዝገብ ቤቱ የብረት ቁም ሳጥን ተገዛ፤ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር አለ። በአንድ ከሰዓት መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ወረደ፣ እዚያ ይማሩ የነበሩት ልጆች ወደ ፎቅ ወጡ። ቁም ሳጥኑን «ሙሉ በሙሉ ጠበህ ና» ያለው የለም።

ዓርብ ከትምህርት መልስ ስዩም ዘበኛችንን ጋሽ መኮንንን መዶሻ ጠየቃቸው። በየበሩ ላይ የክፍሉ ስም የተጻፈበት ቆርቆሮ አለ። የአራተኛ ለን ከላይ ነቅሎ ምድር ቤት መታው፤ የሦስተኛ ሀን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ሰቀለው። ድልድሉ ላይ አንድ ፊደል አልተነካም።

«ከጠየቁኝ አላየሁም» አሉ ጋሽ መኮንን። «ዓይኔ ደካማ ነው፤ እኔም የሐኪም ወረቀት አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ዝርዝራቸውን ይዘው መጡ። ቆርቆሮውን አዩ፣ ዝርዝሩን አዩ፣ ክራንች ተደግፌ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አዩኝ። ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረጉ።

«ይኸው! ስትጨክኚ ዳንሽ አይደል?»

ምድር ቤት እንደቆሙ የነገራቸው የለም። እስከ ዓመቱ መጨረሻም አልጠየቁም።

ሥራዬን ያቆየልኝ ሐኪምም መመሪያም አይደለም፤ መዶሻ የያዘ ባልደረባ ነው። የተጎዳን ሠራተኛ «ዳንሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። የሚጠየቀው «የቱን መሥራት ትችያለሽ?» ነው።

አልገባኝም የሚል አለቃ ካለ እስቲ ነገ ጠዋት ይሞክረው። አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ የአንድ ክፍል ደብተር ታቅፎ፣ የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይውጣ። «ድነሽ ነይ» የሚለውን እዚያ ሲደርስ ይበለው።