ቅዳሜ ቅዳሜ ሰላጣ የሚቀነጠስበት ጓሮ

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ መናኸሪያ አጠገብ ከመንገድ ዳር አንድ እስር ሰላጣ ገዝቼ ቤት ገባሁና ግንዱን በጥፍሬ ገና ስሰብረው ያ እንደ ወተት ነጭ የሆነ ፈሳሽ ጣቴ ላይ ወጣ፤ መራራ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቢላዋውን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ሰላጣው ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በፕላስቲክ ገመድ ታንቆ የመጣ ነው። እናቴ ብታየው ኖሮ ሻጯን ሳትቆጣ አታልፍም ነበር።

በእናቴ ጓሮ ሰላጣ ይቀነጠሳል እንጂ አይነቀልም። የምትተክለው እንደ ጥቅል ጎመን የማይጠቀለለውን፣ ጫፉ የተሸበሸበውን ዓይነት ነበር፤ የታችኛውን ቅጠል ከውጭ በኩል እየዞሩ ቀንጥሰው መሐሉን ከተዉለት ከቀናት በኋላ አዲስ ቅጠል ይዞ ይጠብቃል። ጠዋት ጠዋት ከሁሉቃ ወንዝ በቀዳነው ውሃ መደቦቹን ስናጠጣ እርጥቡ አፈር የሚሰጠው ሽታ፣ ቅጠሉ ላይ የምትንከባለለው ጠብታ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር የሚመጣው ቅዝቃዜ ዛሬም ቆዳዬ ላይ አለ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በሩ ላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ አራት አምስት ሆኖ በሰው ቤት መጸለይም ያሳስር ነበር። አዴ ጫልቱ፣ እናቴ ማለት ነው፣ መላ ፈለገች። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚሄድን ሰው ማንም ልብ አይለውም፤ ስለዚህ ምእመናኑ ሰላጣ ሊገዙ ይመጣሉ። ነገር ግን እናቴ ውሸት አትወድም ነበርና የመጣ ሁሉ ዘንቢሉን አስቀምጦ ዝም ብሎ መጸለይ አይችልም፤ የእውነት መቀንጠስ፣ የእውነት ገዝቶ መሄድ አለበት። እናም በመደቦቹ መሐል ቁጢጥ ብለን፣ ዓይናችንን ሳንጨፍን፣ እጃችን ቅጠል እየለቀመ፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ በለሆሳስ እንጸልይ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ አሜን የሚባለው ዘንቢል ሲሞላ ይመስለኝ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው እትዬ በላይነሽ የኦርቶዶክስ ሰው ነበረች፤ ጾም በገባ ቁጥር ሰላጣ ከእኛ ትገዛለች፤ ሃይማኖታችንን ግን ከቶ አትወደውም። “እናንተ ጴንጤዎች፣” ትል ነበር አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ “ይህን ሁሉ የምታንሾካሹኩት ለሰላጣው ነው ወይስ ለሰማዩ?” እናቴም ቀና ሳትል፣ “ለሁለቱም ነው፣ ዝናብ የሚሰጠው አንድ አይደል?” ትላታለች።

ሁዳዴ ሊገባ አካባቢ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ሳይጣራ ገባ። ሁላችንም አጎንብሰን ቅጠሉን መልቀም ቀጠልን። ኦቦ ደበላ የሚባሉት አስተማሪ ግን በዕድሜያቸው ከጠመኔ በቀር ምንም ጨብጠው የማያውቁ ሰው ነበሩና ከድንጋጤ የተነሳ አንዱን ሰላጣ ከነሥሩ መንጭቀው አወጡት። አፈሩ ሱሪያቸው ላይ ተበተነ።

“አስተማሪ፣ ሰላጣ ከነአፈሩ መብላት የጀመራችሁት መቼ ነው?” አለ ሊቀመንበሩ። ጠባቂዎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ወደ እናቴ ዞሮ፣ “ጫልቱ፣ እዚህ ጸሎት አለ ወይስ የለም?” አላት።

የለም ብትል ሁላችንም ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ “አለ። ሰላጣም አለ። አንተ የትኛውን ፈልገህ ነው?” አለችው።

ይዘዋት ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ጠባቂዎቹ ተመልሰው ጓሮውን በሙሉ ነቀሉት፤ እየነቀሉም ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት። የተረገጠው ቅጠል መራራ ሽታ ሰፈሩን ሞላው። እትዬ በላይነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጥታ ከመሬት መልቀም ስትጀምር አንደኛው ጠባቂ፣ “ምን ሊያደርግልሽ ነው?” አላት። “ለበጎቼ፣” አለች። እነሱ ሲሄዱ እኔን በእጇ ጠራችኝ። “ነይ አንቺ፣ እያለቀስሽ ለእናትሽ ምን ትጠቅሚያታለሽ? እንዴት እንደሚተከል አሳዪኝ።” ሥሩ የተረፈውን መርጠን፣ ትልልቁን ቅጠል ቆርጠንለት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ በእሷ ጓሮ ተከልነው፣ ውሃ አጠጣነው። እኩሌታው ደረቀ፤ እኩሌታው ግን ሥር ሰደደ።

እናቴ ከቀናት በኋላ ከስታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ተመለሰች። ባዶውን ጓሮ እያየች ቆማ ሳለ ከማዶ ድምፅ መጣ፦ “ጫልቱ፣ ቅዳሜ ዘንቢልሽን ይዘሽ ነይ፤ ሰዎችሽንም አምጪ። እኔን ካልሰበካችሁኝ ሌላው ግድ የለኝም!” እናቴ ከመጣች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ሊቀመንበሩ ወሬውን ሰምቶ እትዬ በላይነሽ ደጅ መጣ። እኛ ውስጥ፣ በመደቦቿ መሐል ቅጠል እየለቀምን ነበር። እሷ በሩን በግማሽ ከፍታ፣ “ለጾሜ ነው ጓድ ሊቀመንበር። ይህንንም ልትነቅል ከሆነ ግባ፤ ውሻው ግን አልታሰረም” ስትለው ሰማሁ። ብዙ ቆመ። የእኛም ከንፈር አላቆመም። ከዚያ የጫማው ኮቴ ራቀ።

ዛሬ ጸሎት ቤታችን ድምፅ ማጉያ አለው፤ ማንም አይከለክለንም። ሁለቱ ሴቶች በየሃይማኖታቸው መቃብር፣ በከተማው ሁለት ጫፍ አርፈዋል። በባሕር ዛፉ አጥር ቦታ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት የብሎኬት ግንብ ቆሟል፤ ከማዶው ማን እንደሚኖር ስሙን እንኳ አላውቅም፤ ሲያስል ብቻ እሰማዋለሁ። ጊዜው ነው፣ ሰው እንዲህ ሆኗል ይሉኛል። እኔ አልቀበለውም። ትናንት ግንቡ ሥር አንድ መደብ ቆፍሬ ዘር ዘርቻለሁ፤ ሲደርስ አንድ ሳህን ሰላጣ ይዤ የዚያን ጎረቤት የብረት በር አንኳኳለሁ። ካልከፈቱልኝም በማግስቱ እመለሳለሁ።