ጨንቻ ደርሶ መልስ፦ አቶ ዛንጋ ያጨሱ ይሆን?

ከአርባ ምንጭ በማለዳ የተነሣሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። አቶ ዛንጋ የጨንቻ ሸማኔ ናቸው፤ ነገ የቡአ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው ሆስፒታላችን ተኝተዋል። የሕሙማንን ታሪክ የምጽፈው ነርስ እኔ ነኝ። ትምባሆ ያጨሳሉ ወይ ስላቸው፣ «እኔ የጌታ ሰው ነኝ» ብለው «አያጨስም» አስጻፉኝ። ሐኪሙ ግን ደረታቸውን ሲያዳምጥ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ የአጫሽ ሳንባ ነው። ሳናውቅ በማደንዘዣ ካስተኛናቸው እዚያው ሊቀሩብን ይችላሉ። ቤታቸው ሂድና ጠይቅ» አለኝ።

እሳቸውን ደግሜ ብጠይቅ ያው ነው። የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ አቶ ጴጥሮስ ከአልጋቸው ሥር አይነሡም፤ ሽማግሌን ደግሞ ውጡልኝ አይባልም።

ዳገቱ ላይ

ኬላው ላይ የቆመው ሚሊሺያ የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ፣ «ትምባሆ ለማጣራት ነው የምትሄደው? መንግሥት ሥራ ፈታ በለኛ!» ብሎ ሳቀብኝ። ለእኔ ሳቅ ከየት ይምጣ። ከተሳፈርኩበት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ሆኜ ዓባያና ጫሞ ከታች ቁልጭ ብለው ይታዩኝ ነበር፤ ከዚያ ጉሙ ዋጣቸው። ዝናብ ያዘ። ጎማው በጭቃው ላይ በተንሸራተተ ቁጥር፣ ዛሬ ካልተመለስኩ ሰውየው አለቀላቸው እላለሁ።

ጨንቻ

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር በቀርከሃ ቤታቸው ትኩስ ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው እንባዬን አወረደው።

«ባለቤትዎ ያጨሳሉ?»

«አያጨስም። ድሮ ነበር፤ ሲያምን ተወ።»

«ነገ ሊያስተኟቸው ነው። አጫሽ ሆነው እኛ ሳናውቅ ከቀረን ላይነቁ ይችላሉ።»

ወደ ደጅ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚያጨስበት ጋያ እንሰቱ ውስጥ ተደብቋል። ሲመሽ እዚያ ይስባል። አቶ ጴጥሮስ ከሰሙ ከኅብረቱ ያወጡታል። ጸሎት ቤታችንን መንግሥት አሽጎታል፤ የቀረን የኅብረቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ካርዱ ላይ አትጻፍብኝ፣ ዶክተርዬ።»

ካልጻፍኩ ነገ የሚያደነዝዛቸው ተረኛ በምን ያውቃል? አንድ መላ ነበረኝ። «ለየበሽታውና ለየልማዱ ቁጥር አለን። ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ፤ ከእኛ ሌላ የሚገባው የለም።»

«ማልልኝ።»

ማልኩ።

መመለሻ

መኪና ታጣ። ግማሹን ቁልቁለት በእግሬ ወርጄ፣ ሙዝ የጫነ ላንድሮቨር በሁለት ብር አደረሰኝ። ሐኪሙ ወደ ቤቱ ሄዶ ይሆናል የሚል ሥጋት እስከ በሩ አልለቀቀኝም። ግን አገኘሁት፤ ነገርኩት። ከወገብ በታች ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ እንሠራላቸዋለን አለ። ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፍኩና ገና ያኔ ተነፈስኩ።

አቶ ጴጥሮስ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ ቤቱ ሄደህ ነበር አሉ። የጋያው ነገር ነው?»

ምያለሁና ካርዱን ገልብጬ ያዝኩ።

«አትጨነቅ። ከጋቢው ይሸተኛል፤ ከቆየ ቆየ። አፍሮ እንዳይሸሸን ብዬ እንዳላወቀ ሆንኩ።»

«ታዲያ ለሐኪሙ አይነግሩትም ነበር?»

«እሱ እያየኝ ሲክድ እንዴት ላዋርደው?»

አቶ ዛንጋ በሳምንቱ በእግራቸው ወጡ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ትምባሆ ከመጠየቄ በፊት፣ ሽማግሌም ይሁን ቄስ፣ ጠያቂውን ሁሉ ከክፍሉ አስወጣለሁ። ባለጌ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ።