ዐሥር ዙር

ገንዳ ውሃ ከተማ ዳር ባለው ስፖርት ማዘውተሪያ፣ ቮሊቦል ተጫዋቾቹ መረባቸውን ሳይወጥሩ የሚደርሱ አንዲት እናት አሉ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው፣ በላስቲክ ጫማ አቧራማውን የሩጫ መም አምስት ጊዜ ይዞራሉ። ቀኝ እግራቸው ይጎተታል፤ መሀል ላይ ግን አያርፉም። ከዚያ የሲሚንቶው መቀመጫ ላይ አረፍ ብለው ሰፊ የወንድ ሸራ ጫማ ያጠልቃሉ፤ ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጥረው ደግሞ ይነሳሉ።

ዛሬ ፀሐዩ በርትቶ ነበርና፣ «እትዬ፣ ሐኪሙ ያዘዘኝ አምስት ዙር ነው አላሉኝም?» አልኋቸው።

«የእኔንማ ጨረስሁ። ይኼ የአባወራዬ ነው። አልጋ ይዞብኛል። ተነስቶ ራሱ እስኪዞር እኔ እዞርለታለሁ።»

ከቀድሞው ዱካቸው ጎን ለጎን እየረገጡ ሄዱ። ሲጨርሱ አቧራው ላይ የቀረው የባልና የሚስት ዱካ ነበር።