ከሱሪዬ ሥር

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሆዱ ቀድሞት ክፍል የሚገባ መምህር እየተባልኩ ነበር የምታወቀው። ስኳር እንዳለብኝ በተነገረኝ ሰሞን ግን ያ ሁሉ ሥጋ ከላዬ ረገፈ። ሸሚዜ የተዋስኩት መሰለ፤ ሱሪዬን ከኋላ ጨምድጄ ካልያዝኩት አልቆም አለኝ። በእኛ ከተማ ሰው በድንገት ከከሳ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ስለዚህ ሕመሜን ከባለቤቴ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ለታላቅ ወንድሜ እንኳ።

አዲስ ልብስ ልግዛ ስላት ባለቤቴ፣ "የት ላይ እንደምትቆም ሳይታወቅ?" አለችኝ። "ዛሬ ልክህ የሆነው ነገ ሊሰፋህ ነው። ባለው እንብቃቃ።"

እውነቷን ነበር። ሸሚዞቼን ሳትቆርጥ ከጎንና ከጎን በክር ጠለፍ ጠለፍ አደረገችልኝ፤ እንደገና ስከሳ ፈትታ ታጠብበዋለች። ለክፍል የምለብሰውን ኮት ከሰልባጅ ተራ በርካሽ አገኘን። እኔም ቀበቶዬን በጋለ ምስማር እየበሳሁ አሳጠርኩት።

እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ግን የቀጠነ እግሬ ሱሪው ውስጥ ሲዋልል ማየት አሳፈረኝና፣ ባለቤቴ ሳታየኝ የሴት ልጃችንን የስፖርት ቱታ ከሥር መልበስ ጀመርኩ። ሱሪውን ይሞላልኛል ብዬ ነው። በሮቢት ሙቀት ሁለት ሱሪ! ሰሌዳው ፊት ቆሜ ላቤ እስከ ካልሲዬ ይወርድ ነበር።

በዚህ መሐል የወንድሜ ልጅ ሊያገባ ሆነና ለሽምግልና ካራቆሬ ሄድን፤ ወንድሜ፣ ሁለት ጎረቤቶቻችንና እኔ። የልጅቱ አባት በክብር ተቀብለው ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን። ጉዳያችንን ገና ሳንከፍት የዙሁር ሶላት ሰዓት ደረሰ።

"ሰግደን እንነጋገራለን" አሉ።

ሁሉም ለውዱእ ሱሪውን እየሰበሰበ ሲታጠብ፣ እኔ ቱታው እንዳይታይብኝ የውሃውን ጆግ ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ።

አባትየው ከፊት ሆነው አሰገዱን። ለሩኩዕ ጎንበስ ስንል ወገቤ ላይ አንድ ነገር ጠቅ አለ። ቀበቶው በምስማር በበሳሁት ላይ ተበጥሶ ነበር። ሱሪዬ ጉልበቴ ድረስ ወረደና የልጄ ቱታ፣ ጎኑ ላይ ካለው ሮዝ መስመር ጋር፣ ለቤቱ ሁሉ ታየ። ሶላቴን አቋርጬ ሱሪዬን በሁለት እጄ ሰበሰብኩ። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቋን ስታፍን ሰማኋት። ሌላዋ ግን፣ "ሰውዬው እንዲህ የከሳው ታሞ ነው እንዴ? ልጁስ?" አለች ቀስ ብላ። ሳቁ ይሻለኝ ነበር።

ሶላቱ ሲያበቃ አባትየው ወደ ውስጥ ገብተው ሽርጥ ይዘው መጡ።

"እንኩ ወንድሜ፣ ይህን ያገልድሙ።"

ተቀበልኳቸው። ወንድሜ ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሳም። ዝም ካልኩ ልጃችን በእኔ የተነሳ ጋብቻው እንደሚቀርበት ገባኝ።

"ስኳር ነው ያለብኝ" አልኩ። "ልጁ ደህና ነው። ደብቄ እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ስኳር ምኑ ይደበቃል?" አሉኝ አባትየው።

ነገራችንን ሰምተው፣ "ተመካክረን እናሳውቃችኋለን" ብለው ሸኙን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጀውሃ ሲደርስ ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"ያሳፈረኝ ቱታው አይደለም" አለኝ። "የወንድሜን ሕመም ከባዳ እኩል፣ ባዳ ቤት ተቀምጬ መስማቴ ነው።"

"ጋሼ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እኮ ነው።"

"እኔም ሰው ሆኜብህ ነው?"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

እሺታቸው ቆይቶ መጣ፤ ልጁም አገባ። በሠርጉ ቀን የሙሽራዋ ዘመዶች "ባለ ቱታው" እያሉ ሲጠቃቀሱብኝ ዋሉ፤ እኔም የሰማሁ ሳልመስል በላሁ። አሁን ክብደቴ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊው ሱሪዎቼን በልኬ አጥብቦልኛል፤ ቤት ውስጥ ሽርጥ አገለድማለሁ። ካራቆሬ ዘመድ በጠራን ቁጥር ግን ፈተና የማርመው አለኝ እላለሁ። ወንድሜ አያምነኝም፤ ቢሆንም አያስገድደኝም፤ ብቻውን ይሄዳል።