ዓባይ በረሃ ጊዜ ይዘገያል

"እንግዲያው ቆላ አውርደኛ!" አሉኝ አባዬ ዛሬ ጠዋት።

ሐኪሞቹ "ቤታቸው ይረፉ" ብለው ከደሴ ከመለሷቸው ሁለት ሳምንት ሆነ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ወሬ ሲያልቅብኝ ትምህርቴን አወራለሁ። ዝቅ ባልን ቁጥር የምድር ስበት ይበረታል፣ ጊዜም ይዘገያል፤ ዓባይ በረሃ ሰዓት ከዚህ ከመካነ ሰላም ቀስ ይላል ስላቸው ነው እንዲህ ያሉኝ።

ወባ ሸሽተው ከዚያው በረሃ ያወጡን ደግሞ እሳቸው ናቸው። "ዕድሜ ያለው ደጋ ነው" ብለው!

"ስንት ቀን ይጨምርልኛል?"

"ቀንማ የለም አባዬ። ዕድሜ ልክዎን እዚያ ቢኖሩም ትርፉ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል አይሞላም።"

ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ። "ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ተምረህ ነው?"

የተማራችሁት ለገዛ ቤታችሁ ጠብ ሳይል የቀረባችሁ፣ እናንተስ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?