የግንቡን ፋኖስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ጎብኚዎቹ በሁለት መኪና መጡ። አስጎብኚ ተብዬው ከፊት ከፊት እየሄደ፣ በሲሪንቃና በመርሳ መካከል ያለውን ኮረብታችንን እንደ ገዛ ጓሮው ያሳያቸዋል። እኔ የላምባ ጀሪካን አንጠልጥዬ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ገና አፉን ሳይከፍት ተናድጄበታለሁ።

ኮረብታው አናት ላይ ቅድመ አያቴ ያሠሩት የድንጋይ ግንብ አለ። ጨው ጭኖ ከቆላ የሚመጣ መንገደኛ ሲመሽበት ገደሉን እንዲለይ፣ በላይኛው መስኮት ፋኖስ ይበራል። የሚያበሩት አክስቴ ናቸው። ላምባው የስለት ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ያመጣል። አክስቴም ሰውየው ዓይኑ እያየ ወደ ፋኖሱ ይገለብጡና ዱዓ ያደርጉለታል። የእኔን ግን ከጦርነቱ ወዲህ አንድም ቀን አልገለበጡልኝም። "እዚያ አስቀምጠው" ይሉኛል፣ ወደ ግድግዳው ሥር እያሳዩ። ጀሪካኖቼ እዚያው ተደርድረው አቧራ ለብሰዋል። እኔም ያችን ዱዓ ፍለጋ በየወሩ ዳገቱን እቧጥጣለሁ።

አስጎብኚው ግንቡን ደገፍ ብሎ፣ "ይህ ታሪካዊ መብራት በዚያ ሁሉ ጦርነት አንድም ሌሊት አልጠፋም" አለ። ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ፤ ቁስሌ ላይ እንጨት ሰደዱበት።

ጠፍቷላ! ወልዲያ በተያዘች ሰሞን አስፋልቱ ላይ መድፍ ስለሚወድቅ፣ ሰዉ በሌሊት በኮረብታው በኩል ወደ መርሳ ይሸሽ ነበር። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ጠርተውኝ፣ "ይኸ ፋኖስ መድፍ ይጠራብናል፤ አክስትህን ምከራቸው" አሉኝ። በደጉ ጊዜ ግንቡ ሥር ድቤ እየመቱ ሲያመሰግኑ ያደሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው እኮ! አክስቴ፣ "መንገደኛ አለ፤ የአባቶቼን ስለት አላጠፋም" አሉ። እኔ ፈሪው ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። መግሪብ ሊሰግዱ ሲቆሙ ጠብቄ የፋኖሱን ላምባ ደፋሁት፤ ጓዳ የተረፈውንም ላምባ ቆለፍኩባቸው።

መድፍ አልመጣም። በማግስቱ ጠዋት የመጣው በቃሬዛ የተያዘ የአንድ ሽማግሌ ሬሳ ነው። ከሴት ልጃቸው ጋር ከወልዲያ ሲሸሹ በጨለማው ገደል ገብተው ነው። ልጅቷ አክስቴን፣ "እናቴ፣ ፋኖሱን እያየን እንወርዳለን ብለን ነበር፤ አጣነው" አለቻቸው። አክስቴ ዞረው አዩኝ። ያ አተያያቸው እስካሁን ያበግነኛል። ምናለ ቢሰድቡኝ!

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮኽኩ ጎብኚዎቹ ፊት። "ጠፍቷል! ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሞቶበታል!"

አስጎብኚው የሰከርኩ መስሎት ሳቅ አለና፣ "አሁን ደግሞ ቆላውን ከዚያ ማዶ ሆነን እንይ" ብሎ ይዟቸው ሄደ። አንዲት ሴት ብቻ ዞር ብላ አየችኝ።

ጀሪካኔን ግንቡ በር ላይ ተቀምጠው ሁሉን ይሰሙ በነበሩት አክስቴ እግር ሥር አስቀመጥኩት። "ይኸው በአደባባይ ተናገርኩ! አሁንስ ዱዓ አያደርጉልኝም? ምን ልሁንልዎ?"

ትክ ብለው አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ እኔን ምን አድርገኸኝ ነው ላምባ የምታመላልስብኝ?" አሉ። "ገደል የገባው የኔ አባት ነው? ልጅቱ ሐራ ናት ያለችው። ሐራ ድረስ እግር የለህም?"

ልጅቷ ሐራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ የምትቀመጥበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ እፊቷ ድረስ ሄጄ፣ ከጎኗ ካለችው ሴት ሽንኩርት ገዝቼ ተመልሻለሁ።