እናቴ እርፍ የጨበጠች ዕለት

ደብረ ታቦር በምኖርበት ግቢ ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤት አለችኝ። ጋኗን አጥባ አተላውን ስትደፋ ያ ጎምዛዛ ሽታ ግቢውን ያጥለቀልቀዋል። ተከራዮቹ አፍንጫቸውን ይዘው በር ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ፣ ይሳቁብኝ እንጂ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንዷ ልጅ በቀደም "እትዬ፣ ሽታው አያስጠላዎትም?" አለችኝ። "ኧረ ወግጂ! እኔን ሰው ያደረገኝ እኮ አተላ ነው" አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። የምሬን ነበር። እስቲ ስሙኝማ።

እናቴ ረጅም ዘመን ነው የኖረችው። ዕድሜዋን ሲጠይቋት "እኔ ምኑን አውቄው፣ የሰጠኝ ይቁጠረው" ትል ነበር። ንጉሡንም ደርግንም አይታለች፤ ከዚያ ወዲያ የመጣውንም የልጅ ልጆቿን ታቅፋ አይታለች። ካረፈች ገና ዓመቷ አልወጣም። ሰው ስለ እናቱ ሲያወራ እንባ ይቀድመዋል፤ እኔን የሚቀድመኝ ኩራት ነው። ምን ላድርግ፣ እናቴ የምታኮራ ነበረች።

ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ደጋው ላይ ነበር፣ ገብስ አገር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ማሳውን ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ደግሞ ቀስ እያለ ይገለጣል። አባቴ ለሥራ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ብዙም ሳይከርም ሞተ። ደርግ መሬቱን ካከፋፈለ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። እናቴና እኔ አንድ ማሳና ሁለት በሬ ይዘን ቀረን። በሬዎቹ ቡሬና ወይኖ ይባላሉ።

በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። አራሹ ከኋላ ሆኖ የሚይዘው ያ እጀታ የወንድ ነው። እንዲያውም ሽማግሌዎቹ "ሴት ያረሰችው መሬት ዝናም ይነሣዋል" ይሉ ነበር። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጥና ምርቱን ካራሹ ጋር ትካፈላለች። የእኛንም የአባቴ ታናሽ ወንድም ያርስልን ነበር። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ያመነበትን ነገር ግን ከአፉ ሳይሆን ከአጥንቱ ነበር የሚናገረው።

የገብስ ዘር ሲቃረብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ተመልሼ መደቡ ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ። ጠላውን እንደጨበጠ፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጥሮ፣ "እታለም፣ ልጅቱን ለደኅና ሰዎች ቃል ገብቻለሁ። እህል ያላቸው፣ በሬ ያላቸው ናቸው" አለ።

"ትምህርቷስ?" አለች እናቴ።

"ትምህርት! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ። ልጅቱን ከሰጠሽ አማቾቹም ያግዙኛል፣ ማሳሽንም አርሳለሁ። እምቢ ካልሽ ግን ሌላ አራሽ ፈልጊ።"

ሌላ አራሽ ከየት ይመጣል? እሱን አልፎ እጁን የሚያስገባ ጎረቤት እንደሌለ ያውቀዋል። በዚያው ሰሞን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ "ዘንድሮ ጦሙን ያደረ መሬት ለሌላ ይሰጣል" ብሎ ነበር። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ ወይ እኔ እሰጣለሁ፣ ወይ መሬቱ ይሰጣል። 

እናቴ "ልምከርበት" ብላ ሸኘችው። ከማን ጋር ልትመክር ነው? ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከበሬዎቹ በቀር ማንም የለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ዛፍ ሥር አገኘቻቸው። ቤተ ልሔም ዜማ ተምረው የመጡ፣ ሲናገሩም የሚያዜሙ የሚመስሉ ቄስ ነበሩ።

"አባቴ፣ ሴት ብታርስ ኃጢአት ነው ወይ?"

ቄሱ ጭራቸውን እያወናጨፉ ብዙ አሰቡ። "ኃጢአት ነው የሚል እንኳ አላነበብኩም። ግን ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ የፈለገውን ይበል፣ እግዜር ካላለ።"

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። መስቀላቸውን አሳለሟትና "በርቺ" አሏት።  ቤት እንደ ገባን እናቴ ከግድግዳው ላይ የአባቴን ጅራፍ አወረደች።

"ነገ ትምህርት ቤት አትሄጂም" አለችኝ።

ክው አልኩ። አለቀልኝ፣ ልትድረኝ ነው አልኩ።

"ነገ እናርሳለን" አለች።

በማግስቱ ጉሙ ሲገለጥ ማሳው ላይ ነበርን። የአባቴን አሮጌ ካኪ ኮት ለብሳለች፤ መቀነቷን ከላዩ ጠበቅ አድርጋዋለች። በሬዎቹን ጠመደች፣ አማተበች፣ እርፉን ጨበጠች። "ሳብ ቡሬ! ሳብ ወይኖ!" አለች።

እነዚህ በሬዎች ታዲያ የእናቴን ድምፅ የሚያውቁት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላውን በቅል ይዛ፣ ስማቸውን እየጠራች ታጠጣቸው ነበር። የአባቴ ድምፅ ሥራ ነው፣ የእሷ ድምፅ ምሳ። ስለዚህ ወደ ፊት መሳብ ትተው፣ ቀንበሩን እንደተሸከሙ ዞረው፣ ምላሳቸውን እያወጡ ወደ እሷ መጡ። ገፍታ መለሰቻቸው። ጠራቻቸው፤ አሁንም ዞሩ። ሞፈሩ ተጠማዘዘ። ጅራፉን አነሣች፤ ጅራፉም ተመልሶ የራሷ አንገት ላይ ተጠመጠመ።

ከማዶው ተረተር የሚያርሱት ወንዶች በሬያቸውን አቁመው ያዩናል። ሳቃቸው ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ "አንቺ ሴት! ልታርሺባቸው ነው ወይስ ጡት ልታጠቢያቸው?" ብሎ ጮኸ። አጎቴም እዚያው ነበር። እሱ አልሳቀም፤ "ተይ እታለም፣ ራስሽን አታዋርጂ!" ብሎ ተጣራ። ከሁሉም ሳቅ የእሱ ይህ ነገር ባሰብኝ።

እናቴ እርፉን ለቀቀችና አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። እኔ ዳር ቆሜ እንባዬን ዘረገፍኩት፤ በቃ ተድሬያለሁ አልኩ። ይሄኔ ቡሬ አንገቱን ሰግጎ መዳፏን ይልስ ጀመር። እናቴ አየችው፤ አየችውና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ታለቅሳለች ስል ለካስ እየሳቀች ነው።

"አንቺ ልጅ! ሩጪ፣ አተላውን በቅል ሞልተሽ አምጪ!"

እግሬ መሬት ሳይነካ ሮጥኩ። ስመለስ ከበሬዎቹ ፊት አቆመችኝ። "አሳዪያቸው እንጂ አታቅምሻቸው። እኔ ስጣራ አንቺ ሂጂ፣ ወደ ኋላሽም አትዪ።"

"ሳብ ቡሬ!" አለች ከኋላ። እኔ ቅሉን ታቅፌ ሄድኩ። መጀመሪያ የቀንበሩ ሲጢጥታ ተሰማኝ፤ ከዚያ የበሬዎቹ ትንፋሽ ትከሻዬን አሞቀው፤ ከዚያ ደግሞ ማረሻው መሬቱን ሲቀድ የሥሩ ቅርስስ ቅርስስ ማለት። የተገለበጠው አፈርና የአተላው ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው። ማሳው ጫፍ ስደርስ ዞሬ አየሁ። ትልሙ እንደ ፍየል መንገድ ተጣሟል፤ ግን ትልም ነው! እናቴ የአባቴን ኮት በላብ አርሳ፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ጥርሷ ሁሉ ይታያል። ለበሬዎቹ አንድ አንድ ምላስ አቀመስኳቸው።

እሷም ወደ ማዶ ዞራ "የጠባ ነው የሚስበው!" ብላ ጮኸች።

ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። ያሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ ቀድሞ የጮኸብንን ሰውዬ መለሰችልህ እያሉ ጀርባውን ቸብ ቸብ ሲያደርጉት አየሁ።

አገሩማ ጉድ አለ። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" የሚለው ተረት በየገበያው በእኛ ስም ተወራ። እናቴ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ይፈርጣል፤ ማታ ቅቤ እቀባታለሁ፣ ጠዋት ደግማ ትጨብጣለች። በሬዎቹ ድምፅዋን ለሥራም ለመዱት፤ እሷም ጅራፉን አየር ላይ ማጮህ ለመደች። ቅሉ እርሻው ሲያበቃ ብቻ የሚወጣ ሆነና እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ ተመለስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሬዎቹ ያለ እኔ መሄዳቸው ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ዘሩ ሊገባ ሲል ሊቀ መንበሩ ሁለት ኮሚቴ አስከትሎ መጣ። ማሳው ለእነዚያ አማች ሊሆኑ ለነበሩት ሰዎች ሊሰጥ እንደታሰበ ሰምተን ነበር። እናቴ በሬዎቹን አቆመች፤ እርፉን ግን አልለቀቀችም።

"ይሄ ማሳ አራሽ የለውም ተብለን ነው የመጣነው" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ማነው ያለው?"

"ባልሽ ሞቷል፤ ወንድ ልጅ የለሽም..."

"መሬት ላራሹ ስትሉ የከረማችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?" አለችና በጭቃ የተለሰነ፣ የተሰነጠቀ መዳፏን አፍንጫው ሥር ዘረጋችው። "አራሹ ይኸው! እዩት!"

ሊቀ መንበሩ እጇን አየ። ትልሙን አየ፤ ያኔ ትልሟ እንደ ክር የቀና ሆኗል። ቡሬን ሳይቀር አየ። ከዚያ ወደ ኮሚቴዎቹ ዞሮ "ታርሷል እኮ" አለ። ሌላ ምን ይበል! እነሱ ዞር ከማለታቸው እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም ተከተልኩ። የእኔ ገና ያልበሰለ እልልታ ነበር፤ መሃል ላይ ተሰበረብኝ፤ ግን እልል አልኩ።

ዝናሙንስ አትሉኝም? በዚያ ዓመት ዝናም ያለ ልማዱ ጠገበ። ገብሱ ደረቴን አልፎ ቆመ። ሽማግሌዎቹም ስለ ሴትና ስለ ዝናም የሚሉትን ተረት ረሱት።

አውድማ ላይ ግን ሴት እግሯን አታሳርፍም፤ ያንንስ እናቴም አልደፈረችውም። የታጨደው ገብስ ተከምሮ ምን ይሻላል ስትል አንድ ማለዳ አጎቴ ማንም ሳይጠራው መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ በሬዎቹን አስገባ፣ ሲያበራይ ዋለ። ምርቱ ሲገባ "ድርሻህን ውሰድ" አለችው። "ያረስሽው አንቺ ነሽ" ብሎ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። የጋብቻው ነገር ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አያውቅም። እኔም ከዚያ ገብስ የተሠራ በሶ እየበላሁ አምስተኛን ጨረስኩ፣ ስድስተኛን፤ ኋላም ደብረ ታቦር ወርጄ ተምሬ መምህርት ሆንኩ። የመጀመሪያ ደመወዜን ስወስድላት ጋቢ ይሻላታል ብዬ ነበር፤ እሷ ግን "አዲስ ማረሻ ግዢልኝ" አለችኝ።

ጉልበቷ እስኪከዳት አርሳለች። አርጅታ ደጅ ስትቀመጥ እንኳ ከሩቅ የሚያርስ ጎረምሳ ትልም ካጣመመ "አንተ! ሞፈሩን ተጫነው!" ትለው ነበር። ጎረምሳውም "እሺ እማማ" ብሎ ይጫነዋል።

ስታርፍ አገሩ ወጣ። በእኛ ዘንድ የተከበረ ገበሬ ሲሞት የሠራበት ዕቃ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ ለሴት ግን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። አስከሬኗ ሊነሣ ሲል አጎቴ በምርኩዝ ተደግፎ ብድግ አለ። ሰማንያን ሳያልፍ አይቀርም፤ ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው።

"ቆዩ! ይህችን ሴት ዝም ብላችሁ አትውሰዷት። ሞፈሯን አውጡ፣ ቀንበሯን አውጡ! ገበሬ ናት!"

ጎረምሶቹ ሞፈሩንና ቀንበሩን ተሸክመው ወጡ። አጎቴ ያን አሮጌ የአባቴን ጅራፍ ተቀብሎ አጮኸው፤ እንባው ጢሙን እያራሰው ሙሾ አወረደላት፦

"ሞፈሩ ተሰቅሎ አለቀሰ በሬ፣
ምን ያለች ሴት ሞተች፣ ምን ያለች ገበሬ!"

ሰዉ ሁሉ ሆ ብሎ ተቀበለው። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቅሉ ከጭሱ ብዛት ጠቁሮ አሮጌው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል። አወረድኩትና ወጣሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ በማሳችን ዳር ያልፋል። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ፤ ቅሉን እንደ ልጅነቴ ታቅፌ ከአስከሬኗ ፊት፣ ከሁሉም ቀድሜ ቆምኩ።

ወደ ኋላዬ አላየሁም። እኔ ሄድኩ፤ እናቴም እንደዚያን ዕለት ከኋላዬ መጣች።